አሥራ አንድ ዶላር ከሃምሳ

ጭሱን መጀመሪያ ያየችው የፖሊስ መኪናውን የምትነዳው ባልደረባዬ ፕሪያ ናት።

«ሳጅን፣ ያ ጭስ ነው ወይስ አቧራ?»

እኔ በአንድ እጄ በሊጥ የተጋገረ የስጋ ፓይ፣ በሌላው ቡና ይዤ ነበር። ቀና ብዬ አየሁ። ከትሬምባዝ ቤት ጓሮ ቀጭን ጭስ ይወጣል፤ ገና ከአጥሩ በላይ ብቅ ከማለቱ ነፋሱ ይበትነዋል።

ያን ቀን ሙቀቱ አርባ አንድ ዲግሪ ነበር፤ የሰሜኑ ነፋስ ከጠዋት ጀምሮ ይጋረፋል። በክፍለ ግዛቱ ሁሉ ማንኛውም እሳት የተከለከለበት ቀን ነው። በእንዲህ ያለ ቀን በከተማችን በቡራንዶ ውስጥ ጓሮ ወጥቶ ስጋ መጥበስ ያስቀጣል፣ ብረት መበየድ ያስቀጣል። ከስድስት ዓመት በፊት አሥራ አንድ ቤት የበላብን እሳት የተነሳው ከአንድ የብየዳ ፍንጣሪ ነው። ጭሱን ሳይ ቡናው ጉልበቴ ላይ ተደፋ፤ የተሳደብኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

«የሚስስ ትሬምባዝ ቤት እኮ ነው» አለች ፕሪያ መሪውን እየጠመዘዘች።

«አይሆንም!»

«ታዲያ ዓይኔ ነው የሚዋሸኝ?»

ሌን ትሬምባዝ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎቻችን ካፒቴን ሆነው ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። የሞቱት ባለፈው ኦክቶበር ነው። ባለቤታቸው ቬልማ ደግሞ አራተኛ ክፍል ያስተማሩኝ መምህሬ ናቸው፤ ሃምሳ አንድ ዓመት ሞልቶኝ፣ ሜልበርን ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ወንጀል መርምሬ ተመልሼ እንኳ «ሚስስ ትሬምባዝ» ከማለት ሌላ አፌ እሺ አይለኝም። እኚህ ሴት በእንዲህ ያለ ቀን ክብሪት ይጭራሉ ብሎ የሚያስብ ሰው ቡራንዶ ውስጥ አይገኝም።

ጭረው አገኘናቸው። ግማሽ በርሜል ፊት ቆመው ወረቀት ይቆሰቁሳሉ። ባልዲ ሙሉ ውሃ አጠገባቸው አስቀምጠዋል፤ የእሳት አጥፊ ሚስት ናቸውና። ፕሪያ ባልዲውን አንስታ ቸለሰችበት።

«ቅጣቱን ጻፍ፣ ሮስ» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ቶሎ ጻፍና ሂድልኝ፤ ጎረቤት ሳያይ።»

እጄን በርሜሉ ውስጥ ከተትኩ።

«ተወው!» ብለው ጮኹ። አርባ ዓመት ሙሉ ሳውቃቸው ሲጮሁ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ያወጣሁት ሰባት ስምንት ደብዳቤ ነው፤ ጠርዙ ተቃጥሎ መሐሉ የተረፈ። ሁሉም ከአንድ ባንክ። አንደኛው ላይ በቀይ ቀለም «የመጨረሻ የክፍያ ማስታወሻ» ይላል። የክሬዲት ካርዱ ባለቤት፣ ቬልማ ትሬምባዝ። የቀረው ዕዳ፣ አራት ሺህ ስምንት መቶ ስልሳ ሁለት ዶላር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዕዳዬ ነዋ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ምን ገዝተውበት?»

«ልብስ» አሉ።

የለበሱት ቀሚስ እኔ ፖሊስ ትምህርት ቤት ስገባ ሊሸኙኝ የመጡበት ነበር። ፕሪያ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ብዙ ውሸታም መርምሬያለሁ፤ እንደ እሳቸው ውሸት የማይሆንለት ሰው ግን አላጋጠመኝም።

* * *

ማዕድ ቤት ገብተን ተቀመጥን። እጃቸው ጥላሸት ነክቶት ነበር፤ ከጠረጴዛው ሥር ደበቁት።

«ክሬዲት ካርዱን መቼ አወጡት?» አልኳቸው።

«ያኔ ፍሪጅ ስንገዛ። ዕዳውን ከፍለን የጨረስን ለት እዚሁ ጠረጴዛ ላይ በስፌት መቀሴ አራት ቦታ ቆረጥኩት። ሌን 'ባንክ ደውዬ አስዘጋዋለሁ' አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው።»

«ታዲያ በተቆረጠ ካርድ እንዴት አድርገው ልብስ ገዙ?» አለች ፕሪያ ለስለስ አድርጋ።

ሚስስ ትሬምባዝ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ጥላሸቱ አገጫቸው ላይ ቀረ።

«ካርዱ ስንት ነበር?» አልኩ።

«ሁለት። አንዱ የሌን። የሱ ሲቆረጥ... የሱን አላየሁም።»

«የካፒቴኑን ኪስ ቦርሳ ከሆስፒታል ያመጣው ማን ነው?»

መልሱን ሦስታችንም አውቀነዋል። ልጃቸው ግሌን ነው። በግ ሸላች ነው፤ ባላራት ይኖራል፤ ከዚህ አንድ ሰዓት መንገድ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የእግር ኳስ ክለባችንን የቡና ቤት ገቢ ወስዶ ቁማር ማሽን ውስጥ የጨመረ ልጅ ነው። ያሰርኩትም እኔው ነኝ። ፍርድ ቤት በገደብ ለቀቀው፤ ገደቡ ገና አላለቀም። አንድ ነገር ቢጨምር እስር ቤት ይገባል፣ ከእናቷ ጋር የምትኖረውንና ቅዳሜ ቅዳሜ የምትሰጠውን ሴት ልጁንም ያጣታል።

«ግሌን ለመጨረሻ ጊዜ እዚህ የመጣው መቼ ነው?»

«ሥራ ይበዛበታል።»

«ለገናስ?»

«አትምጣ አልኩት።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ምክንያቱን አልነገርኩትም። ምን ብዬ ልንገረው? የአባትህን ሬሳ ኪስ ገባህ ወይ ልበለው? ደብዳቤው በየሳምንቱ ይመጣል። ፖስታተኛዋ ስትሰጠኝ ከፖስታው ላይ ቀዩ ይታያል። ቦውሊንግ ክለብ መሄድ ተውኩ፤ ሰው ያየኝ ሁሉ የሚያውቅብኝ ይመስለኛል።»

«ሚስስ ትሬምባዝ...»

«ከጡረታዬ ቀስ እያልኩ እከፍለዋለሁ። አንተ ብቻ ልጄን አትንካብኝ። ለምኜሃለሁ፣ ሮስ።»

መምህሬ ለመኑኝ። እኔ ደግሞ ደረቴን ነፍቼ «ወንጀል ወንጀል ነው» አልኳቸው። ይህቺን ቃል አስታውሷት፤ እኔ መርሳት አልቻልኩም።

የባንኩን ዝርዝር እንድናስመጣ ፈቃድ ፈረሙ። ሲፈርሙ ፊደሉ ያው ነበር፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የማውቀው፣ የተስተካከለ። የእሳቱን ቅጣት «በኋላ ይደርሳል» ብዬ ተውኩት። ደግ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

* * *

ዝርዝሩ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ይዘነው ሎይስ ሱቅ ሄድን።

ሎይስ ፓስኮ በቡራንዶ ያለችን አንድዬ ሱቅ ባለቤት ናት፤ ቤንዚኑም፣ ዳቦውም፣ የዓሣ ማጥመጃ ትሉም፣ ፖስታውም እሷ ጋ ነው። ገና በሩን ስከፍት ፓዬን ከማሞቂያው አውጥታ ሳህን ላይ አደረገችልኝ፤ ቡናዬንም ሳልጠይቅ ጀመረችው።

ፕሪያ ሳንቲም ቆጥራ ባንኮኒው ላይ አኖረች። «የሻዬን።»

«አንቺ ልጅ፣ ስንቴ ልንገርሽ? የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው እዚህ አይከፍልም።»

«እኔ እከፍላለሁ።»

«ኩራትሽን ሻይሽ ውስጥ ጨምረሽ ጠጪው» አልኳት።

«ኩራት ሳይሆን የፖሊስ ደንብ ነው፣ ሳጅን። ገጽ አርባ ሁለት፤ ካነበብከው።»

ይቺ ልጅ ወላጆቿ ከፊጂ የመጡ ሕንዶች ናቸው፤ ምላሷ ደግሞ ከየት እንደመጣ እንጃ። ሎይስ ሳቀችና ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ፓዬን እየገመጥኩ ወረቀቱን ዘረጋሁ።

የሁለት ዓመት ዝርዝር ነው። ቴሌቪዥን የለም፣ የአውሮፕላን ትኬት የለም፣ የቁማር ቤት ስም የለም። አራት ከሃምሳ። ሰባት። አሥራ አንድ ከሃምሳ። እንደገና አሥራ አንድ ከሃምሳ። በሳምንት አራት፣ አምስት ጊዜ አሥራ አንድ ከሃምሳ። ሁሉም የተከፈለው «ኬ ኤንድ ቲ ንግድ፣ ባላራት» ለሚባል ድርጅት ነው። ጁላይ ላይ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ባዶ።

«ምን ዓይነት ሌባ ነው አሥራ አንድ ከሃምሳ የሚሰርቅ?» አለች ፕሪያ።

«እንዳይነቃበት የሚቆነጥር ሌባ። አባትየው በሕይወት እያሉ ነው የጀመረው፤ ከቦርሳቸው ቀስ አድርጎ ወስዶታል ማለት ነው። ባላራት የሚኖረው ማን ነው? ግሌን። ጁላይ ላይ ሦስት ሳምንት በግ ሊሸልት ወደ ሰሜን የሄደው ማን ነው? ግሌን።»

«ቁማርተኛ አሥራ አንድ ከሃምሳ ወስዶ ይበቃኛል ይላል?»

«ሻይሽ ይቀዘቅዛል።»

«ለድርጅቱ ደውዬ ምን እንደሚሸጥ ልጠይቅ። ከዚያ ብንሄድ...»

«ደውዪ። እኔ ግን ነገ ሄጄ እይዘዋለሁ።»

ፓዩን ጨረስኩ፣ እጄን ጠረግሁ፣ «አመሰግናለሁ ሎይስ!» ብዬ ወጣሁ።

* * *

ግሌንን ያገኘሁት ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ መሸለቻ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ የጠዋቱ የሻይ እረፍት ላይ። ከስምንት ሸላቾች ጋር የሱፍ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ሳንድዊች ይበላል። ፕሪያ መኪና ውስጥ ሆና ስልክ ትደውላለች። ልጠብቃት ይገባ ነበር። አልጠበቅኋትም።

«ግሌን፣ የእናትህ ክሬዲት ካርድ የት ነው?»

ቀና አለ። «የምን ካርድ?»

«የአባትህ ቦርሳ ውስጥ የነበረው።»

«ቦርሳው ውስጥ መንጃ ፈቃድና ሃያ ዶላር ነበር። ለእማማ ሰጥቻታለሁ። ሮስ፣ እዚህ ነው የምትጠይቀኝ?»

«የት ይሻልሃል? ጣቢያ?»

ሰዉ ማኘኩን አቆመ። ሰው ማኘኩን ሲያቆም ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ልናገር። ሥልጣን እንዲህ ነው የሚሰማው።

«ኦገስት ሃያ ላይ የት ነበርክ?»

ፊቱ ደም መሰለ።

«ሃያ አንድስ? ሴፕቴምበር ሦስትስ? መልስ እንጂ!»

«ውጪ እንውጣና እነግርሃለሁ።»

«እዚሁ ንገረኝ።»

ተነሳ። ቦርሳውን ከፈተና ስምንት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ሜልበርን ካለ ማገገሚያ የተሰጠ ነው፤ ከኦገስት አሥራ አምስት እስከ ሴፕቴምበር አሥራ ሁለት ለቁማር ሱስ እዚያው አድሮ ታክሟል፤ ስልኩንና የኪስ ቦርሳውን በር ላይ አስረክቦ ገብቷል፤ አንድም ቀን አልወጣም። በእነዚያ አራት ሳምንታት ካርዱ አሥራ ስምንት ጊዜ ሠርቷል።

«ጮክ ብለህ አንብበው» አለኝ። «ሰው ሁሉ እየሰማ አይደል? አንብበው እንጂ!»

አጠፍኩና መለስኩለት።

«ሳልቆምር አንድ ዓመት ሲሞላኝ ለእማማ ወስጄ ላሳያት ነበር። አባባ ሳያየው ሞተ።» ድንገት ቆመና አየኝ። «ለገና አትምጣ ያለችኝ... ለዚህ ነው? እናቴ ሌባ መሰልኳት?»

ጫማዬን አየሁ።

አሠሪው ከወዲያ ጥግ ሆኖ «ግሌን፣ የፖሊስ ጉዳይህ እስኪያልቅ ቤትህ ብትቆይ ይሻላል» አለው። በዚያች ሰዓት «ልጁ ምንም አላደረገም» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ሴኮንድ አይፈጅም። ኮፍያዬን አድርጌ ወጣሁ።

* * *

ፕሪያ መኪናውን አላስነሳችም። ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ ወደ ፊት ታያለች።

«ድርጅቱን አገኘሁት» አለች። «ባላራት ያለው የሒሳብ ሠራተኛው ቢሮ ብቻ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ሱቃቸውን ሸጠዋል። የካርድ ማሽኑን ስም ግን የገዛችው ሴት እስከ ዛሬ አላስለወጠችውም።»

«የት ያለ ሱቅ?»

«ሳጅን፣ ሎይስ ጋ ፓይና ቡና ስንት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ!»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ሰማሁት። ስድስት ዓመት በሳምንት አምስት ቀን ከበላሁበት ቤት የምበላውን ዋጋ አላውቅም።

«ፓይ ሰባት» አለች ፕሪያ ቀስ ብላ። «ቡና አራት ከሃምሳ።»

ሰው ግን እንዲህ በቀላሉ እጅ አይሰጥም፤ እኔማ ጭራሽ። «ሎይስ ናት!» ብዬ ጮህኩ። «የሞተ ሰው ካርድ ሰርቃ ገንዘብ እየቆረጠች ነው! ንጂው!»

ፕሪያ ነዳችው።

* * *

«ካርዱን አውጪው» አልኳት ሎይስን፣ ገና በሩ ሳይዘጋ።

ፓይ ልታወጣ ማሞቂያውን ከፍታ ነበር። «የቱን ካርድ?»

«የሌን ትሬምባዝን!»

«እሱን ነው?» ስትል ቅንጣት አልደነገጠችም። ከገንዘብ መቀበያው ሥር ሚስማር አለ፤ የቤንዚን ማደያው ቁልፍ የሚሰቀልበት። ከቁልፉ ጎን ካርዱ በክር ተንጠልጥሏል። «የእሳት አጥፊዎቹ ነዋ። ምን ሆንክ አንተ?»

«ማን ሰጠሽ?»

«ሌን ራሱ። ያኔ ከስድስት ዓመት በፊት እሳቱ በተነሳ በሁለተኛው ቀን ፊቱ ጥላሸት ብቻ ሆኖ ገባ። 'ሎይስ፣ ልጆቹ ኪሳቸው ባዶ ነው፣ ቤንዚን ይፈልጋሉ፣ እህል አልቀመሱም። የደንብ ልብስ ለብሶ የገባውን ሁሉ አታስከፍዪ፤ ከዚህ ቁረጪ። ራሴ መጥቼ እስካላወርደው እንዳታወርጂው' አለኝ። የካርዱ ጊዜ ባለፈ ቁጥር አዲሱን አምጥቶ ይሰቅለዋል። የባንኩ ወረቀት ደግሞ እዚህ በእሳት አጥፊዎቹ የፖስታ ሣጥን ነበር የሚመጣለት፤ እሱው ነው የሚያወጣው። ሊያወርደው አልመጣም። ሞተ።» ዓይኗን በመሀረቧ ጠረገች። «እኔ የቡድኑ ገንዘብ ነው ብዬ ነው። ካለፈው ወር ወዲህ ማሽኑ አልቀበልም አለኝ፤ ተበላሽቶ ነው ብዬ በደብተር እየጻፍኩልህ ነው።»

የቡድን ገንዘብ አልነበረም። ሌን ከጡረታቸው በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይከፍሉ ነበር፤ ሞተው የባንክ ሒሳባቸው ሲዘጋ ክፍያው ቆመ። ባንኩ የቤታቸውን አድራሻ ፈልጎ ለዋናዋ ባለካርድ መጻፍ ጀመረ። ይህን ለመረዳት መርማሪ መሆን አያስፈልግም።

«እሺ፣ ሌሎቹስ?» አልኩ። «እሳት አጥፊዎቹስ? ሃያ ሰባት ሰው ናቸው እኮ!»

«እነሱማ እሳቱ በጠፋ በሳምንቱ ከኪሳቸው መክፈል ጀመሩ። ማንም አልነገራቸውም። አምቡላንሶቹም እንደዚያው።»

«ታዲያ ማን ቀረ?»

ሎይስ ንጹሑን ባንኮኒ በጨርቅ መጥረግ ጀመረች። «ሮስ፣ አታስቸግረኝ።»

ፕሪያ ከጀርባዬ ቆማለች። የጣቢያውን የሥራ ተራ ዝርዝር በእጇ ይዛለች፤ መቼ እንዳመጣችው አላየሁም። ጁላይ። ጉልበቴን ቀዶ ጥገና ተደርጌ ሦስት ሳምንት ቤቴ ተኝቻለሁ። ከኦገስት አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ፣ አሥራ ስምንት ቀን ሥራ ላይ። አንድ በአንድ ከባንኩ ዝርዝር ጋር ይገጥማል።

«ስህተት ብሆን ደስ ይለኝ ነበር» አለች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። ሎይስ ደግሞ ልታጽናናኝ ብላ ጨረሰችኝ።

«አንድ ቀን ሌንን ጠይቄው ነበር። 'ሮስ እኮ አሁንም በዚህ ነው የሚበላው' አልኩት። 'ተይው' አለኝ። 'በዚያ እሳት ከተቃጠለው መኪና ውስጥ ሬሳ ያወጣ ለት እሱ ያየውን እኔ አላየሁም። ይብላ።'»

የወጣው ፓይ ሳህኑ ላይ ይተናል። ሎይስ ልትሰጠኝ ይሁን ልትመልሰው ግራ ገብቷት እጇ አየር ላይ ቀርቷል።

* * *

ከሰዓት በኋላ ሚስስ ትሬምባዝ ማዕድ ቤት አራት ሆነን ተቀመጥን። ፕሪያ ግሌንን ደውላ ጠርታዋለች። እኔ ኮፍያዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ምንም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ካርዱ፣ ሚስማሩ፣ ሌን፣ እኔ። ከዚያ ሁሉ ዕዳ ከእኔ ሆድ ያልገባው ወለዱ ብቻ እንደሆነም ነገርኳቸው። ገንዘቡን ሰኞ እንደምከፍል፣ በራሴ ላይም ለበላይ ቢሮ ሪፖርት እንደላክሁ ጨመርኩ።

ሚስስ ትሬምባዝ የጠረጴዛውን ልብስ በእጃቸው አስተካከሉ።

«ሌን እቤት ዳቦው ላይ ቅቤ በስሱ ነበር የሚቀባው» አሉ በመጨረሻ። «ለጡረታችን እንቆጥብ እያለኝ።» ፈገግ ያሉ መሰለኝ።

«እናቴ ለገና አትምጣ አለችኝ» አለ ግሌን ወደ እኔ ሳያይ። «ለፓይ ሲባል።»

ሚስስ ትሬምባዝ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ልጄ፣ እሱ አይደለም አትምጣ ያለህ። እኔ ነኝ። ሳልጠይቅህ ፈረድኩብህ። አፍሬብህ ነበር፤ አሁን ደግሞ በራሴ አፈርኩ።»

ግሌን ወረቀቱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ የማኅተሙን ጽሑፍ ሳይቀር። ከዚያ ተነስተው ግንባሩን ሳሙት። ትልቅ ሰው ነው፣ ትከሻው በር ይሞላል፤ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ የት ልይ? ፍሪጁን አየሁ። ያው የጥንቱ ፍሪጅ ነው።

ልወጣ ብድግ ስል «ቁጭ በል» አሉኝ። ቁጭ አልኩ።

«የእሳቱን ቅጣት አልጻፍክልኝም።»

«ሚስስ ትሬምባዝ፣ እሱማ ይቅር...»

«ወንጀል ወንጀል ነው አላልከኝም? የካፒቴን ሚስት ሆኜ በተከለከለ ቀን እሳት አንድጃለሁ። ጻፍ።»

የቅጣት ደብተሩን አውጥቼ ጻፍኩ። ወስደው አነበቡት፣ ፈረሙ፣ የእሳቸውን ቅጂ ቀደው ብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ አኖሩት። ከዚያ ደብተሩን ወደሚቀጥለው ባዶ ገጽ ገልብጠው፣ ብዕሩን ላዩ ላይ አድርገው ወደ እኔ ገፉት።

«አሁን ደግሞ የራስህን።»

ስሜን ጻፍኩ። «የጥፋቱ ዓይነት» ከሚለው ስደርስ ብዕሩ ቆመብኝ።

«ጻፈው እንጂ» አሉ። «አራተኛ ክፍል ሁልጊዜ ከጎረቤትህ ትቀዳ ነበር። ይሄን ከማን ልትቀዳ ነው?»

ፕሪያ ወደ መስኮቱ ዞረች። ጻፍኩት። የበላሁትን፣ ያልጠየቅሁትን፣ መሸለቻው አዳራሽ ውስጥ ያደረግሁትን፣ አሠሪው ሲያሰናብተው ዝም ማለቴን። ገጹ አልበቃኝም፤ በጀርባው ጨረስኩት። ግሌን ከኋላዬ ቆሞ አነበበው።

«ሰኞ» አለኝ። «በሻይ እረፍት። እዚያው አዳራሽ።»

«እመጣለሁ።»

«ጮክ ብለህ።»

ሰኞ ሄድኩ። አሠሪው ግሌንንም ጠርቶት ነበር፤ በሩ አጠገብ ክንዱን አጣምሮ ቆሟል። ስምንቱ ሰዎች የሱፍ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ሳንድዊች ይበላሉ። ወረቀቱን አወጣሁ። ሰዉ ማኘኩን አቆመ። ከላይ ጀምሬ አነበብኩ፤ መጨረሻው ላይ ስደርስ ከወዲያ ጥግ አንዱ «አልሰማንም!» አለ። ግሌንን አየሁት። ክንዱን አልፈታም። እንደገና ከላይ ጀመርኩ።